ፈረቃ የገባ ፏፏቴ

የአዲስ አበባ ሰው በእግሩ መሄድ የሚወደው ገንዘብ ሲከፍልበት ነው። ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት በእግርህ ሂድ ቢሉት ታክሲ ሲጠብቅ ያመሻል። ያው ሰው ውድ ጫማ ገዝቶ፣ ሰፊ ቆብ ደፍቶ፣ ለአውቶቡስና ለአልጋ ከፍሎ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጢስ ዓባይ ሲደርስ ግን ዳገቱን እያለከለከ "አየሩ እንዴት ደስ ይላል!" ይላል። የእኛም መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ለማለት ሄድን። ወሩ ሚያዝያ ነበር። የመረጠው አስተባባሪያችን ነው፤ "በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው" ብሎ። ጭቃና ውሃ አብረው እንደሚመጡ ያሰበ ሰው አልነበረም። ያሰበም ካለ የሦስት ቀን ዕረፍቱ እንዳይቀርበት ዝም ብሏል።

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መግቢያው ላይ ለዜጋና ለውጭ ሰው የሚቆረጠው ትኬት ዋጋው ይለያያል። አንዲት ባልደረባችን ከአሜሪካ የመጣ የአክስቷን ልጅ አስከትላ ስለነበር እዚያው ተገተርን። ልጁ ጉለሌ ተወልዶ ማደጉን፣ የልደት በዓሉን እንኳ በእኛ አቆጣጠር እንደሚያከብር ዘረዘረ። ትኬት ቆራጩ ፓስፖርቱን እያገላበጠ በትሕትና "ይህ ግን ሌላ ነው የሚለው" አለ። በመጨረሻ ልጁ ተናደደ። ሲናደድ የወጣው አማርኛ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አላስቀረም፤ ቆራጩ ሳቁን አፍኖ የዜጋውን ትኬት ሰጠው። በዚህ ተከራክሮ ያተረፈውን ብር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እጥፍ አድርጎ ዋሽንት ለሚነፋ እረኛ ሸለመው።

አስጎብኚ ይዛችሁ ሂዱ ብንባልም አስተባባሪው "በገዛ ሀገራችን ማን ነው እኛን የሚያስጎበኘን?" ብሎ ተቆጣ። የአካባቢው ልጅ ግን መከልከሉን እንዳልሰማ ሆኖ ከኋላችን ተከተለ። ልጁ ልምድ ነበረው፤ የሀገር ፍቅር የሚያቆየው እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት ድረስ መሆኑን ያውቃል። የሒሳብ ሹማችን ገና አንዴ እንደተንሸራተቱ ክንዳቸውን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጀልባው ድረስ አልለቀቁትም።

መንገዱ ዙሪያ ገጠም ነው። በድልድይ ይሻገሩና ዳገቱን ወጥተው ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያዩታል፤ ከዚያ በተንጠልጣዩ ድልድይ አልፈው፣ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግረው ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ዕድሜው ወደ 400 ዓመት ተጠግቷል። የእኛ መሐንዲስ ድንጋዩን በጣቱ እየቆረቆረ "ኖራውን በእንቁላል አቡክተውት ነው" ሲል አብራራ። ከመካከላችን አንዱ የመሥሪያ ቤታችን አዲሱ ደረጃ ሳይመረቅ የተሰነጠቀው እንቁላል ተወድዶ እንደሆነ ጠየቀው። መሐንዲሱ ስልክ የተደወለለት መሰለና ራቅ አለ።

ዳገቱ ላይ አንዲት እናት ጭነታቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በኮንጎ ጫማ ቀጥ ብለው ወጥተው ደረሱብን። እኛ በየድንጋዩ ተዘርግተናል። እንደምን ዋላችሁ ብለው ባዶ እጃችንን አዩና፣

"ከብት ጠፍቶባችሁ ነው፣ ልጆቼ?" አሉ።

"አይደለም እማማ፣ ለጤናችን ብለን ነው የምንሄደው" አለ አስተባባሪው።

አንድ በአንድ አዩን። ላብ አጥምቆናል፣ ሁለቱ ደረታቸውን ይዘዋል።

"እግዜር ይማራችሁ" ብለው ጭነታቸውን አስተካክለው አለፉን።

በመጨረሻ ከፏፏቴው ትይዩ ቆምን። የሒሳብ ሹሙ ለዚህ ቀን ያስቀመጡትን የድሮ የወረቀት አንድ ብር ከቦርሳቸው አወጡ፤ ከጀርባው ጢስ ዓባይ እየተንደረደረ የሚወርድበትን። ብሩን ከፍ፣ ገደሉን ዝቅ እያደረጉ አመሳከሩ። በክረምት ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል፣ እስከ 400 ሜትር በሚደርስ ስፋት የሚወርደው ውሃ፣ በአንድ ጥግ በኩል እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ ይወርዳል። የቀረው ጥቁር ድንጋይ ነው። "ሒሳቡ አይገጥምም" አሉ ሹሙ። "ቀሪው የት ገባ?"

ያልተቀጠረው አስጎብኚያችን ጊዜው እንደደረሰለት ገባውና አስረዳን። እ.ኤ.አ. በ1964 እዚሁ አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ፤ በ1996 ዓባይ ከጣና የሚወጣበት የጨረጨራ ግድብ መጣ፤ በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ማመንጫ የሐይቁን ውሃ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ መውሰድ ጀመረ። "ውሃው መብራት ሆኗል" አለ ልጁ፣ በኩራት ይሁን በሐዘን ሳይለይለት። ይሁን እንጂ ማታውን ባረፍንበት ሆቴል መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር የተኛነው። ይህን ግን ለልጁ ማንም አላነሳበትም፤ እሱ ምን ያድርግ?

በዚህ መሐል የሒሳብ ሹሙ ስልክ ጮኸ። ባለቤታቸው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ።

"ውሃ መጣ?" አሉ ሹሙ እንደ ልማዳቸው፣ ከሰላምታ በፊት።

"ኧረ አልመጣም፣ ሮቶው ደርቋል። እዚያስ እንዴት ነው?"

ሹሙ ገደሉን አዩት። "እዚህም ፈረቃ ነው መሰለኝ።"

ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ የሚወራለት አይደለም። ተንጠልጣዩ ድልድይ ላይ ለፎቶ ግራፍ የተሰለፍነው ከጠላ ቤት ወረፋ ይረዝም ነበር። ጀልባው ሲያሻግረን ደግሞ ሞተሩ ውሃ ረጨን፤ ይህ ርጭት በኋላ ትልቅ ጥቅም ሰጥቶናል። ምክንያቱም ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ዋናው ጭንቀት ተነሣ፤ ቤት ስንደርስ ምን እንላለን? 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ድንጋይ አይቶ የተመለሰ ሰው ለጎረቤት ምን ያወራል? ይህን ያህል ብር አውጥቶ "ደርቋል" የሚልስ ማን ነው? ስብሰባ ሳይጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ተስማማን። በሥራ ዘመናችን ሁሉ ያለ ተቃውሞ ያጸደቅነው ውሳኔ ይህ ብቻ ይመስለኛል። ከአሜሪካ የመጣው ልጅ በነሐሴ የተነሣ ፎቶ ግራፍ ከኢንተርኔት አውርዶ ለሁላችንም ላከልን። ሰኞ ጠዋት ቢሮ የቀሩት ከበቡን። "ጉሙ ፊታችን ድረስ መጥቶ አረጠበን" አልን፤ መርጠባችን መቼም እውነት ነው። ያልሄዱት በቅናት ከንፈራቸውን መጠጡ። ሹሙ ብቻ አንገታቸውን ደፍተው ወረቀት ያገላብጡ ነበር።

የሚቀጥለውን ጉዞ አስተባባሪው ሰሞኑን አስታውቋል። ወደ ባሌ፣ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ዋሻ ፈረቃ ስለሌለው ያኮርፈናል ብሎ አይሰጋም፤ ወሩን ግን ካለፈው ተምሮ ነሐሴ አድርጎታል። የወይብ ወንዝ በክረምት ሞልቶ በዚያው ዋሻ ውስጥ እንደሚያልፍ እስካሁን የነገረው የለም፤ ሁሉም ዕረፍቱን ሞልቶ አስፈርሟል።