በኪሎ የሸጥነው ዶሴ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው። የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሰፈሬ ጉልት የሃያ ብር ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበት ወረቀት ቢጫ ሆኗል፤ የእጅ ጽሑፍ አለበት። ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ዘረጋሁት። የ1936 ዓ.ም. አቤቱታ ነው። ባሏ ማይጨው ላይ የወደቀባት ሴት፣ በጠላት ዘመን መሬቷን ተቀምታ፣ ልጆቿን ይዛ ደጅ እየጠናች ነው። በደሏን አንድ በአንድ ዘርዝራ «ስለዚህ» ስትል ገጹ አለቀ።

«እማማ፣ ይሄን ወረቀት ከየት አመጡት?»

«ከቆራሌው ነው የኔ ልጅ። በኪሎ ነው የምገዛው።»

የቀራቸው 11 ቅጠል ነበር። ሁሉንም ገዛሁ። የሴትየዋ ሁለተኛ ገጽ የለም። ማን ቆሎውን በልቶ ጭምድድ አድርጎ እንደጣለው እንጃ።

ቆራሌውን ፈልጌ አገኘሁት። የገዛው ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሄድኩ። መጋዘኑ ተጠርጎ ወንበር ተደርድሮበታል። ኃላፊው አልተቆጣም፣ አልደነገጠም። «ይሄን አቧራ ማን ይፈልገዋል? በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም መጥቶ አልጠየቀም» አለኝ።

እናንተ ሰዎች! ስለ መቅደላ ስናወራ እንባችን ይቀድመናል። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ምርኮውን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ወሰዱት። ልናለቅስ ይገባል። ይህን ዶሴ ግን የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር አልወሰደብንም። እኛው መዝነን ሸጥነው። ያቺ ሴት አቤት ባለችበት በዚያው በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን፣ ወመዘክር፣ ተከፍቷል። ስለ ቤተ መዛግብት የወጣ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 179/1991። ቤቱም አዋጁም እያለ የማይጨው ጀግና ሚስት ቃል የቆሎ መጠቅለያ ሆነ።

ኃላፊው «ማንም አልጠየቀም» ሲለኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ያንን መጋዘን አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ጽሑፌ ገብቼበታለሁ። ዶሴዎቹ በሲባጎ ታስረው እስከ ጣራው ተቆልለው ነበር። ጥግ ጥጉ ረጥቧል፣ አይጥ በልቶታል። አንድ ሰዓት እያስነጠሰኝ ፈልጌ የሚጠቅመኝን ገልብጬ ወጣሁ። ተመልሼ እመዘግበዋለሁ ብዬ ነበር። ለወመዘክር አንድ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ረሳሁት። ኃላፊው ምን እንዳለ አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። ያቺ ሴት እዚያ ውስጥ ነበረች፤ ምናልባት በትከሻዬ ታክኬያት አልፌ ይሆናል። ከሰውየው ይልቅ እኔ እብሳለሁ።

ለብራናዎቹ ግን ደራሽ ተገኝቶላቸዋል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የገዳማትና የአድባራት ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው እነዚያን ሲመረምሩና ካታሎግ ሲያዘጋጁ ዕድሜያቸውን ሰጡ። ሰው ሲቆርጥ ይሠራል ማለት ነው።

የመጋዘን ቁልፍ የያዛችሁ፣ እባካችሁ፣ ቆራሌ ከመጥራታችሁ በፊት ወመዘክር ደውሉ። የምታጠኑ ልጆች፣ እንደኔ የምትፈልጉትን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ይሰማኛል ብዬ አይደለም፤ ብዙ ተጽፏል፣ ደክሞናልም። ግን ከመቶው አንዱ ቢሰማ አንድ መጋዘን ይተርፋል።

12ቱን ቅጠል በመጽሐፍ መሀል አድርጌ አቃንቻቸዋለሁ። ሰኞ ለወመዘክር አስረክባለሁ። እናንተም ቆሎ ስትገዙ ወረቀቱን ዘርጋ አድርጋችሁ እዩልኝ። ከ«ስለዚህ» በኋላ ሴትየዋ ምን እንደለመነች ማወቅ እፈልጋለሁ።