ከድሬዳዋ ሲታይ የሳህለወርቅ ትልቁ ሥራ ጅቡቲ ላይ ነው

ሳህለወርቅ ዘውዴ ሲነሱ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር 2018 ይጀምራል። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሙሉ ድምፅ ርዕሰ ብሔር አድርጎ የመረጣቸው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ኦክቶበር 2024ም በኃላፊነቱ ቆይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «የመጀመሪያዋ ሴት ርዕሰ ብሔር» የሚለው መጠሪያ ለሴት ልጆቻችን ብዙ ማለት ነው፤ አይነካም። ነገር ግን አንዲት የድሬ ልጅ ከዚህ ሕይወት ለራሷ የሚሆን ነገር ልትወስድ ከፈለገች ዓይኗን ማዞር ያለባት ወደ ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን በሐዲዱ ቁልቁል ወደ 310 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ጅቡቲ ነው። ሴትየዋ እዚያ 9 ዓመት ሠርተዋል።

የርዕሰ ብሔርነት ሥራ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ተዘርዝሮ ያለቀ ነው። የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ ስብሰባ መክፈት፣ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ማወጅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀረቧቸውን አምባሳደሮች መሾም፣ የውጭ አምባሳደሮችን የሹመት ደብዳቤ መቀበል፣ ኒሻን መስጠት፣ ይቅርታ ማድረግ። የተከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው በችሎታው ብዛት የሚያሰፋው ወይም የሚያጠብበው አይደለም። የጎረቤት አገር አምባሳደርነት ግን በያዘው ሰው ልክ ይሰፋል፣ ይጠብባል።

መንገዳቸውን ከመነሻው እንየው። አዲስ አበባ ሊሴ ገብረማርያም ተማሩ፤ ከዚያ በፈረንሳይ አገር ሞንፔሊዬ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ አጠኑ። ዓለም አቀፍ ግንኙነት አይደለም፣ ሕግም አይደለም። በ1989 በሴኔጋል አምባሳደር ሆነው ሲሾሙ ዳካር ተቀምጠው ማሊን፣ ኬፕ ቨርዴን፣ ጊኒ ቢሳውን፣ ጋምቢያንና ጊኒንም እንዲሸፍኑ ተደርጓል። ይህ በወረቀት ቀላል ይመስላል። በሥራ ግን ለእያንዳንዱ አገር በቅድሚያ «አግሬማ» የሚባለው ፈቃድ በዝግ ይጠየቃል፤ ተቀባዩ አገር ምክንያት ሳይሰጥ እምቢ ማለት ይችላል። ፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ የሹመት ደብዳቤውን ለየአገሩ መሪ በአካል ማቅረብ የግድ ነው። አንድ ኤምባሲ፣ ስድስት ደብዳቤ፣ ስድስት ቤተ መንግሥት። የሾማቸው መንግሥት በሜይ 1991 ሲወድቅ እሳቸው እስከ 1993 በቦታቸው ነበሩ፤ አዲሱም መንግሥት ወደ ጅቡቲ ላካቸው። በዚያ ዘመን ስንቱ ሹመኛ ከወንበሩ እንደተነሳ የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ለሚመጣውም ለሚሄደውም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጅቡቲ። አንድ አምባሳደር በአንድ አገር የሚቆየው በተለምዶ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። እሳቸው ከ1993 እስከ 2002 ቆዩ፤ በዚያው በኢጋድ ቋሚ ተወካይም ነበሩ። በመካከሉ፣ በሜይ 1998፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ፈነዳና አሰብ ለእኛ ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው የኢትዮጵያ ዕቃ የሚገባውም የሚወጣውም በአሰብ ነበር። ያ ሁሉ ጭነት፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ ብረቱ፣ እንዲህ ላለ ጫና ወዳልተዘጋጀች አንዲት ወደብ ዞረ። በ1999 እና በ2000 ድርቅ ሶማሌ ክልልን ሲመታ የእርዳታ እህሉም በዚያው በር ነው የገባው። በዚያው 2000 የወደቡ አስተዳደር ለዱባይ ኩባንያ ተሰጠ፤ እዚያው ጅቡቲ ውስጥ አርታ ላይ ደግሞ ለወራት የዘለቀው የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ ተካሄደ። ይህ ሁሉ በአንድ ኤምባሲ በር ላይ በተደራረበበት ጊዜ የኤምባሲው ኃላፊ ሳህለወርቅ ነበሩ። ሁለቱ አገሮች የጅቡቲን ወደብ አጠቃቀምና የትራንዚት ጭነት የሚገዛውን ስምምነት የተፈራረሙት በ2002 ነው። ብቻቸውን ሠሩት አልልም፤ ስምምነት የብዙ እጅ ሥራ ነው። ቤቱን ይዘው የቆዩት ግን እሳቸው ናቸው።

አምባሳደር ዕቃ አያወርድም። ታዲያ ወደብ ላይ ምን ይሠራል? አንድ ኮንቴይነር ይዘን እንከተል። መርከቡ ያራግፋል፤ ትራንዚተሩ፣ ማለትም ዕቃውን በጉምሩክ የሚያሳልፈው ወኪል፣ ዲክላራሲዮን የሚባለውን የዕቃ መግለጫ ወረቀት ያስገባል፤ የተወሰኑ ነፃ ቀናት አሉ፤ እነሱ ካለፉ በየቀኑ በውጭ ምንዛሪ ኪራይ ይቆጠራል፣ ዲመሬጅ ይባላል። አሁን የጉምሩክ ሰዎች በአንድ ማለዳ አዲስ ማኅተም እንዲመታ ወይም ሌላ ወረቀት እንዲጨመር ቢያዙ ያ ኮንቴይነር ብቻውን አይቆምም፤ ከኋላው ያለው ሰልፍ ሁሉ ይቆማል። ድሬ ያለው ነጋዴ ስልክ ይመታል፤ ትራንዚተሩ «ከእኔ አቅም በላይ ነው» ይላል። የኤምባሲው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ይጣራል። ስንት ኮንቴይነር፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ትእዛዙ የተጻፈ ነው ወይስ የቃል፣ የፈረመው ማን ነው። ቀጥሎ ሰው ይሄዳል፤ ወደሚወስነው ሰው፣ ማዕረጉ ከፍ ወዳለው ሳይሆን። ይህን ለመለየት ዓመታት ይፈጃል፤ 9 ዓመት መቀመጥ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው «ኖት ቨርባል» የሚጻፈው። ይህ ደብዳቤ የራሱ መልክ አለው። «የኢትዮጵያ ኤምባሲ ለተከበረው ሚኒስቴር ሰላምታውን እያቀረበ» ብሎ በሦስተኛ ሰው ይጀምራል፤ በመጨረሻ ሙሉ ፊርማ የለበትም፤ አጭር ምልክትና ማኅተም ብቻ። ማታ ወደ አዲስ አበባ ሪፖርት ይላካል። ሪፖርቱ ምን እንደተባለ፣ ምን ቃል እንደተገባ፣ ቃሉ ካልተፈጸመ ምን ይሻላል የሚለውን ይይዛል።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ጀማሪ ዲፕሎማት ሰው ሳያናግር ደብዳቤውን ይልካል፤ ያኔ ባለሥልጣኑ በጽሑፍ መመለስ ይኖርበታል፣ በጽሑፍ ያለውን ደግሞ በቀላሉ አይለውጥም። ሌላው ቁጥር ሳይዝ ይሄዳል፤ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚብሰው፣ አርባውን ኮንቴይነር መቶ ብሎ ያጋንናል። ጅቡቲ ትንሽ ከተማ ናት፤ በማግስቱ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ቢናገርም የሚሰማው የለም።

ከዕቃው ይልቅ ለድሬ የሚቀርበው የሰው ጉዳይ ነው። ከሐረርጌ ገጠር ተነስተው በደወሌ በኩል የጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደሆነችው ኦቦክ፣ ከኦቦክም ባሕር ተሻግረው ወደ የመን የሚሄዱ ልጆችን እዚህ ከተማ የማያውቅ የለም። አንዷ መንገድ ላይ ብትያዝ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ከጠየቀች ለቆንስላዋ መነገር አለበት። ወረቀት ግን የላትም። ሌሴ ፓሴ፣ ማለትም ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግለው መመለሻ ሰነድ፣ እንዲሰጣት መጀመሪያ ኢትዮጵያዊነቷ መረጋገጥ አለበት። ቀበሌዋን፣ የተማረችበትን ትምህርት ቤት፣ የገበያውን ቀን፣ የአካባቢውን ሽማግሌ ስም ትጠየቃለች። ጥያቄው በማን ቋንቋ ነው? ልጅቷ ኦሮምኛ ብቻ ወይም ሶማሊኛ ብቻ ብትናገር፣ የቆንስላ ሠራተኛዋ ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ቢኖራት፣ በመካከል አስተርጓሚ ይገባል። አስተርጓሚ በገባ ቁጥር ነገር ይወድቃል፣ ጊዜም ይጎተታል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ልጅቷ የምትታሰርበት ጊዜ ነው።

ለድሬ ልጅ የሚከፈተው በር እዚህ ላይ ነው ያለው። ቀፊራ ገበያ ቁጭ ብላ ቲማቲም የምትመዝን ልጅ ለአንዷ በኦሮምኛ፣ ለሌላዋ በሶማሊኛ፣ ለሦስተኛዋ በአማርኛ ዋጋ ትናገራለች፤ ሐረሪና ዐረብኛ የሚጨምሩም አሉ። ይህ በየትኛውም የዲፕሎማሲ ትምህርት ቤት በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ነው። እኛ ግን እንደ ችሎታ ቆጥረነው አናውቅም። በሥራ ማመልከቻ ላይ «ቋንቋ» በሚለው ቦታ አማርኛና እንግሊዝኛ ጽፈው ሌላውን የሚተዉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እናታቸው ያስተማረቻቸው ስለሆነ ብቻ።

የሚጎድለው ፈረንሳይኛ ነው። የሳህለወርቅን ካርታ ተመልከቱ፤ ዳካር፣ ጅቡቲ፣ ከ2002 እስከ 2006 ፓሪስና ዩኔስኮ ከቱኒዚያና ሞሮኮ ጋር፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ስም የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሰላም ግንባታ ቢሮ፣ ባንጊ። ሁሉም ፈረንሳይኛ የሚሠራበት አገር ነው። ድሬ ደግሞ ይህን ቋንቋ ከብዙዎቹ ቀድማ የሰማች ከተማ ናት። ባቡሩ በ1902 ሲደርስ አብሮ የተቆረቆረች ናት፤ ለገሃር የምንለው ጣቢያ ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ ፉርጎውም እንደዚያው። የምድር ባቡር ሠራተኛው ደመወዙንም ቅጣቱንም በፈረንሳይኛ ያነብ ነበር። ያ ትውልድ ሲያልፍ ቋንቋውም አብሮ ሄደ፤ ጅቡቲ ግን ከቦታዋ አልሄደችም።

«እሳቸው ሊሴ የተማሩ ናቸው፤ የእኛ ልጅ ምን አላት» የሚል ሰው ይኖራል። ትክክል ነው። በሩን የከፈተላቸው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ነው። ለዚህም ነው ነገሩ ለየቤተሰቡ አቅም መተው የሌለበት።

ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት መግባት ለምትፈልግ ደግሞ መሰላሉን ማወቅ ይበጃታል። ሳህለወርቅ በ2011 ናይሮቢ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት በምክትል ዋና ጸሐፊ ማዕረግ ነው፤ በ2018 አጋማሽም በአፍሪካ ኅብረት የድርጅቱ ቢሮ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት በዚሁ ደረጃ ነው። ናይሮቢ ከኒውዮርክ፣ ከጄኔቫና ከቪየና ጋር ካሉት አራት ዋና መቀመጫዎች አንዱና በአፍሪካ ብቸኛው ነው። ሥራው ካሜራ አይስብም፤ ጥበቃ፣ ግዢ፣ የስብሰባ አገልግሎት፣ የሠራተኛ ቅጥር፣ ናይሮቢ ጊጊሪ የሚገኘውን የድርጅቱን ግቢ ማስተዳደር። ነገር ግን አንድ ድርጅት የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ነው።

ከዚያ ማዕረግ በታች ረዳት ዋና ጸሐፊ፣ ከዚያ የዳይሬክተር ደረጃዎቹ ዲ-2 እና ዲ-1፣ ከዚያ ከፒ-5 ወደ ታች ያሉት የባለሙያ ደረጃዎች ይመጣሉ። ለፒ-2 ሁለተኛ ዲግሪና ቢያንስ 2 ዓመት ልምድ፣ ለፒ-3 5 ዓመት፣ ለፒ-4 7፣ ለፒ-5 10 ይጠየቃል። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያላት በእያንዳንዱ ላይ 2 ዓመት ትጨምራለች። የ«ጂ» ደረጃ የሚባለው የአገር ውስጥ ድጋፍ ሠራተኛ ቅጥር ከዚህ ውጭ ነው። በጂ ገብታ «በኋላ ወደ ፒ እዛወራለሁ» የምትል ልጅ ድልድዩ ጠባብ መሆኑን አስቀድማ ትወቅ። በአገሯ ባለሙያ ሆና በብሔራዊ ኦፊሰርነት መጀመር፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ ባሉ ቢሮዎች፣ ለብዙዎች የተሻለው መግቢያ ይመስለኛል፤ ሶማሊኛና ኦሮምኛ የሚመዘኑት እዚያ ነውና። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብርም አለ፤ ዕድሜ ከ18 እስከ 35፣ አገልግሎቱ 12 ወር። የተባበሩት መንግሥታት የወጣት ባለሙያዎች ፈተና ደግሞ ዕድሜው እስከ 32 ነው፤ የሚሳተፉ አገሮች ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ዝግጅት ከመጀመር በፊት ኢትዮጵያ መኖሯን ማየት ነው።

ማመልከቻ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ የችሎታ ማነስ አይደለም። የሥራ ዘመኖቹ ይደራረባሉ ወይም ክፍተታቸው አይብራራም፤ «በፕሮጀክቱ ተሳትፌያለሁ» ይባላል እንጂ እሷ ራሷ ምን እንደሠራች አይጻፍም። ቃለ መጠይቁ ላይም «ምን ታደርጊያለሽ» ሳይሆን «ምን አድርገሽ ነበር፣ ውጤቱስ» ነው የሚባለው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየትኛውም ደረጃ ላይ ከአመልካች ገንዘብ አይቀበልም። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለቪዛ ክፈይ ያላት ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

ለፈረንሳይኛው ግን መነሻ ሒሳብ አለ። «ዴልፍ» የሚባለው ፈተና ቤ-2 ደረጃ ላይ ለመድረስ በግምት 600 የትምህርት ሰዓት ይፈልጋል። አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር፤ እያንዳንዱ ከ25፣ ማለፊያው ከ100 50 ነው፣ በአንዱም ክፍል ከ5 በታች መውረድ አይቻልም። ንባብ ብቻ አጥንቶ የሚሄድ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ምስክር ወረቀቱ ጊዜው አያልፍበትም። የከተማው አስተዳደር ከሁለት ወይም ከሦስት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢጀምር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሙቀቱ ሲበርድ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ሰዓት ይሆናል። በዓመት 40 ሳምንት ቢማሩ 240 ሰዓት ነው። በመስከረም 9ኛ ክፍል የጀመረች ልጅ 11ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ 600ውን ትጨርሳለች፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይመጣባት ዴልፉ እጇ ላይ ነው።