ማስተካከያ፦ ስለ በጎች የጉበት ትል መድኃኒት

ስለ ጎጃም በጎች የጉበት ትል ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «ክረምቱ እንደወጣ አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ ማጠጣት ይበቃል» ተብሏል። ትክክል አይደለም፤ በግ ያሳጣል።

አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው። በጎቹ በመስከረምና በጥቅምት ረግረግ ዳር ሲግጡ ከሣሩ ጋር የሚውጡት ጨቅላ ትል ግን ለማደግ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። እስከዚያው የጉበቱን ሥጋ እየበሳ ይጓዛል። ኅዳር ላይ ደህና ሲግጥ የዋለ በግ አድሮ ሞቶ የሚገኘው አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። ጨቅላውን ጭምር የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ አልቤንዳዞል ጥር አካባቢ፣ ትሉ ካደገ በኋላ ቢሰጥ ይጠቅማል። በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላለች በግ ግን አልቤንዳዞል አይሰጥም፤ ጽንሱን ይጎዳል።

ከመንጋጋ ሥር የሚወጣው ለስላሳ እብጠት «የጨው እጥረት» መባሉም ይታረም። የጉበት ትል ወይም ደም መጣጭ የጨጓራ ትል ምልክት ነው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ቀይ መሆን ሲገባው ከነጣ በጉ ደም አንሶታል። አሞሌ ማስላሱ ለሌላ ይጠቅማል እንጂ ይህን አያድንም።

እንደ ቆጋ ባሉ የመስኖ አካባቢዎች መሬቱ በበጋም ስለሚርስ ትሉን የሚያዛምተው ቀንድ አውጣ አይጠፋም። የእነዚህ አካባቢዎች አርቢዎች የሕክምናውን ጊዜና መጠን ከእንስሳት ሐኪም ጋር ይወስኑ።