ያለ ፌስታል የመጣው ዶሮው ብቻ ነበር

የዛሬ ሁለት ዓመት የፋሲካ ዋዜማ፣ ከሾላ ገበያ ያመጣነውን አስቤዛ ወጥ ቤት ውስጥ ስንዘረግፍ ፌስታሎቹን ቆጠርኳቸው። 23! ሽንኩርቱ በፌስታል፣ ቅቤው በፌስታል ላይ ሌላ ፌስታል፣ ኮረሪማው ጣት በምታክል ፌስታል። ያለ ፌስታል የመጣው ዶሮው ብቻ ነበር። እሱም እግሩ ታስሮ።

እማዬ ስቆጥር አይታኝ ሳቀች። "እናቴ ይህን ሁሉ በአንድ ዘንቢል ነበር የምታመጣው" አለችኝ።

አካባቢን የማይጎዳ የበዓል ማዕድ ሲባል ብዙ ሰው የፈረንጅ ነገር ይመስለዋል። ሥጋ ተዉ፣ ሰላጣ ብሉ የሚል። 55 ቀን ጾሞ ለወጣ ሰው ይህን መንገር ድፍረት ነው። ደግሞም ያን ያህል ጊዜ በምስርና በሽሮ የሰነበተ ሕዝብ በዚህ በኩል ዕዳ የለበትም ባይ ነኝ። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው።

ገበታችንን እዩት እስቲ። ስምንት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። ሳህኑ እንጀራው፣ ማንኪያው እጅ። ድፎ ዳቦው በኮባ ይጋገራል። የጠላው አተላ ለከብት ይሄዳል። የተረፈ እንጀራ በማግስቱ ፍርፍር፣ ከዚያም ከተረፈ ድርቆሽ ነው። እኛ ምን ጨመርንበት? ለእንግዳ ክብር ብለን የሚጣል የፕላስቲክ ሳህን፣ ለየሰዉ የታሸገ ውሃ፣ ይባስ ብሎ የላስቲክ ቄጠማ! ቄጠማ የሚጎዘጎዘው ለሽታው አይደል እንዴ? (ከሰሉን አልነካም። የበዓል ቡና በኤሌክትሪክ ይፈላ ብል እማዬ ከቤት ታስወጣኛለች።)

ይህ ሁሉ የት እንደሚሄድ እናውቃለን። የቆሼ ክምር መጋቢት 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው ገድሏል። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ፓርላማ ጸድቋል። ግን ባዶ እጃችንን ከሄድን ባለሱቁ ምስሩን በምን ይስጠን?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ቆዳው ነው። ልጅ ሳለሁ በጉ ተገፎ ሳያልቅ በር ላይ "ቆዳ አለ?" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ተከራክረው ይገዙታል። ብሯ የእኛ የልጆቹ ነበረች። አሁን ዋጋው ወድቆ የሚያንኳኳም ጠፋ። በበዓል ማግስት ወጣ ብላችሁ እዩ፤ የበግ ቆዳ ቱቦ አፍ ላይ ተወትፎ፣ ዝንብ ወርሮት ታገኙታላችሁ። የዶሮ ወጡን ሽታ እንኳ ያስረሳል።

ቆዳ ቶሎ ጨው ካልተነሰነሰበት በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ቢላ የበሳውም ዋጋ ያጣል። ዐዋቂ አራጅ በቢላ ጀምሮ በቡጢ የሚገፈው ለዚህ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የሚሻለው ቅርጫ ነው። አሥር ቤት አሥር በግ ከሚያርድ አንድ በሬ ቢካፈል፣ ከሻኛ እስከ ጨጓራ በየመደቡ ተከፍሎ ዕጣ ይወጣለታል። የሚተርፈው አንድ ቆዳ ነው። ለአንድ ቆዳ ገዢ መፈለግ ለአሥር ከመፈለግ ይቀላል። ኪስንም አይጎዳም፣ ጎረቤትንም ያገናኛል።

ባለፈው ፋሲካ ጎረቤቶቼን ለቅርጫ ማሳመን አቃተኝ። ሁሉም በግ በጉን ገዛ። ቢያንስ ቆዳውን ስጡኝ ብዬ ከአምስት ቤት ሰበሰብኩና ጨው ነስንሼ ጓሮ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ መጥቶ ወሰደው። የከፈለኝ ብር የጨዉን ዋጋ እንኳ አልሞላም።

"ቱቦው ግን አልሸተተም" አለች እማዬ። ፌስታሉም በዚያ ዓመት ስድስት ብቻ ነበር። ዘንቢሏን አራግፋ ቦታዋ ላይ ሰቀለቻት።