ችካሉ ከመተከሉ በፊት ምክር ቤቱ ይናገር

አዲስ የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር በእኛ በድሬዳዋ በኩል ሊያልፍ ነው ሲባል ምክር ቤቶቻችን የሚሰጡት ምላሽ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ «ለልማቱ ተባባሪ መሆናችንን እንገልጻለን» የሚል ቃለ ጉባኤ ይጻፍና ማኅተም ይመታበታል። ሰው የሚነቃው ከወራት በኋላ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ማሽላው መሃል ተተክሎ ሲያገኘው ነው። ያኔ የምክር ቤት አባሉም ከመራጩ ጋር አብሮ ይጮኻል። ግን ቀድሞ ፈርሟልና ጩኸቱ ሚዛን አይደፋም።

ይህን የምጽፈው መስመሩን ጠልቼ አይደለም። እኛ ድሬዎች የመብራትን ነገር እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰው ባቡር 752 ኪሎ ሜትሩን የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ ከነሐሴ 2014 ወዲህ ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተጨምሯል። የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ውኃ ፍለጋ ወደ እኛ ቆላ ወርዳለች፤ ያ ውኃ ከጉድጓድ ተስቦ ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው በፓምፕ ነው። መብራት ሲሄድ ውኃውም ይሄዳል። ለጅቡቲ የሚሸጠው ኃይልም በደጃችን ነው የሚያልፈው፤ ባለ 230 ኪሎ ቮልቱ መስመር ከድሬዳዋ ተነስቶ በአዲጋላ በኩል ድንበር ይሻገራል። ከተማዋ በዚህ አያያዟ ሌላ መስመር መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ «አይለፍ» የሚል ምክር ቤት አልመኝም። «በዚህ ይለፍ፣ በዚያ አይለፍ፣ ምክንያቱም ይኸው» የሚል ነው የምመኘው።

አንድ የገጠር ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያየሁት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ባለሙያው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ካርታው ያምራል። መንገዱ አለ፣ ወንዙ አለ፣ መስመሩም ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። አንድ አዛውንት ጠጋ አሉና በጣታቸው ከወንዙ ዳር ጀምረው እየተከተሉ መጡ። «መቃብራችን የታለ?» አሉ። አልነበረም። ከብቶቹ በበጋ የሚጠጡበት ኤላም አልነበረም። ባለሙያው ቅን ሰው ነበር፤ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሁለቱንም ምልክት አደረገባቸው። መስመሩ በመቃብሩ ጠርዝ የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። አዛውንቱ ያን ቀን ገበያ ወጥተው ቢሆን ኖሮ የሚጠይቅ አልነበረም። ካርታውን ቀድሞ ተቀብሎ፣ መንደር ለመንደር ዞሮ የጎደለውን መሙላት የምክር ቤቱ ሥራ ነው። የትኛው ጎርፍ በየት እንደሚወርድ፣ የማን ዘመድ የት እንደተቀበረ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ከየት ያውቀዋል?

ጊዜው ደግሞ ወሳኝ ነው። መስመር ቀጥታ ይወዳል። መታጠፊያ ላይ የሚቆም ምሰሶ የሽቦውን ጉተታ ስለሚሸከም ከሌሎቹ የከበደ ብረትና የጠነከረ መሠረት ይፈልጋል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ጥናቱ ወረቀት ላይ እያለ ሁለት መቶ ሜትር ፈቀቅ ይበል ቢባል ቀላል ነው። ተቋራጩ ብረቱን ካዘዘ በኋላ ግን ያው ሁለት መቶ ሜትር አዲስ ንድፍ፣ አዲስ ብረትና አዲስ ክርክር ይሆናል። ሕጉም ጊዜ ሰጥቷል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚወሰድበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለኢንቨስትመንት በአስቸኳይ ካልተፈለገ በቀር ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት ግድ ነው ይላል። ምክር ቤቶቻችን ያን ዓመት በዝምታ ያሳልፉታል።

የገንዘቡም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የዚሁ አዋጅ ማሻሻያ የካሳ ክፍያውን ሸክም ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች አዙሮታል። እንግዲህ የፌዴራል ፕሮጀክት በማንጎና በጫት ማሳ መሃል ሲሰመር ሒሳቡ እኛው ዘንድ ይመጣል ማለት ነው። በጀት የሚያጸድቀው የአስተዳደሩ ምክር ቤት ነው። ራሱ የሚከፍልበትን መስመር ሳይጠይቅ ሲያሳልፍ ከትምህርት ቤት ወንበርና ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ላይ እየቀነሰ ነው።

ካሳው ላይ የሚረሳ ሰውም አለ። የምሰሶው እግር ያረፈበት መሬት ለዘለቄታው ይሄዳል፤ ይህን ሁሉም ያያል። ከሽቦው ሥር ያለው ግን ገበሬው እጅ ይቆያል። ማሽላ ይዘራበታል፤ ቤት አይሠራበትም፣ ረጅም ዛፍ አይተከልበትም። ለዓመታት ውኃ ተሸክሞ ያጠጣው ማንጎ ይቆረጣል። ለልጁ ጎጆ መውጫ ብሎ ያሰባት ቁራሽ መሬት ከሽቦ ሥር ትውላለች። ይህ ሰው ከቤቱ ስላልተነሳ በተነሺ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ምክር ቤቱ ስሙን ይዞ ይቅረብለት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሽቦው በላያቸው እያለፈ ማታ በኩራዝና በባትሪ የሚያመሹት ሰዎች ነገር ነው። ይህ የሆነው እንዲያው ማንም ክፉ ስላሰበባቸው አይደለም። 230 ኪሎ ቮልት እንዳለ ቤት አይገባም። መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት፤ ከዚያ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ፖል ተስቦ መንደር ሲደርስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ድሮ ሁሉንም የሚሠራው መብራት ኃይል ነበር። በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ትልቁን መስመር የሚዘረጋው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ቤት ለቤት የሚያዳርሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። መንደርተኛው የመጀመሪያውን ሲጠይቅ «እሱ የእነዚያ ነው» ይባላል። እውነትም የእነዚያ ነው። ምክር ቤቱ ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ መጥራት ይችላል። መስመሩ የሚያልፍባቸው መንደሮች ትራንስፎርመር መቼ እንደሚያገኙ በጽሑፍ ይቀመጥ ማለት ይችላል። ከምላሹ ሁሉ እዚህ ላይ ፈጽሞ እንዳይለሳለስ እፈልጋለሁ።

ሰው በሽታም ይፈራል። በየስብሰባው የሚነሳው ጥያቄ «ካንሰር ያመጣል ወይ?» ነው፤ «አያመጣም፣ አትስጉ» ብሎ ማለፍም ነውር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከኤሌክትሪክ መስመር የሚወጣውን መግነጢሳዊ መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚለው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ማስረጃው ውስን ነው፤ ጉዳት ማድረሱ አልተረጋገጠም። ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ 200 ማይክሮ ቴስላ (የመስኩ ጥንካሬ መለኪያ) ነው፤ ከመስመር ሥር የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በብዙ ያንሳል፣ ራቅ ባሉ ቁጥርም በፍጥነት ይቀንሳል። ይህን በቀላል አማርኛ ማስረዳት ይቻላል። መስመሩ ኃይል ከተሸከመ በኋላ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ በመሣሪያ ይለካልን፣ ውጤቱም ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ ማለትም ይቻላል። በመስመሩ አቅራቢያ ያለ የሽቦ አጥርና የቆርቆሮ ጣሪያ በአግባቡ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ ሲነኩት ቁንጥጥ ያደርጋል። ልብስ ልታሰጣ አጥሩን ለያዘች እናት ይህ በጣም ያስደነግጣል። የመሬት ሽቦው ማሰሪያ በማን ወጪ ነው? ይጠየቅ።

በመሬት ውስጥ ይቀበር የሚሉም አሉ። ለረጅም የገጠር መስመር ዋጋው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ምክር ቤቱ እዚያ ላይ ጊዜ ባያጠፋ እላለሁ። እንደ ከዚራ ላለ የተጨናነቀ ሰፈር ወይም ለሐረር ጁገል ቅጥር ዙሪያ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው።

የእኛ የብቻችን ጉዳይ ደግሞ ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል። ወንዞቻችን ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ መስለው ይቆዩና በአንድ ሌሊት ይነሳሉ። ከውጭ የመጣ ቀያሽ ያን አሸዋ በጥር ሲያየው ለምሰሶ የተመቸ ሜዳ ሊመስለው ይችላል። አሸዋ የሚያወጣው ሰው ደግሞ ከምሰሶው እግር ሥር ይቆፍራል፤ እንጀራው ነውና ከቦታው ልቀቅ ከመባሉ በፊት ምክር ቤቱ ሌላ ቦታ ይፈልግለት። ምላሹ ውስጥ የትኛው ወንዝ እስከየት እንደሚሰፋ የሽማግሌዎች ምስክርነት ይግባ።

ውይይቱም በአማርኛ ብቻ መሆኑ ይብቃ። በገጠር ቀበሌዎቻችን ያለው ሕዝብ አብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛና ሶማሊኛ ነው። ማስታወቂያው በሦስቱም ቋንቋ ይለጠፍ፤ ስብሰባው ገበያ በሌለበት ቀን ይጠራ፤ ሴቶች ውኃ ከመቅዳት በሚመለሱበት ሰዓት ይሁን። የተስተካከለው ካርታ አንድ ቅጂ ቀበሌው ዘንድ ይቅር፤ ሌላው ከምክር ቤቱ የጽሑፍ ምላሽ ጋር ተያይዞ ለሁለቱም የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶች ይላክ። መልስ የሚጠበቅበት ቀንም ደብዳቤው ላይ ይጻፍ።