አንድ በአንድ ነው የምናወጣው

እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ፤ ሁለት የእጅ ሰዓቶች ጎን ለጎን ሳይቀመጡ እንዴት ነው የሚወዳደሩት? አንዱን አይቼ፣ መልሼ፣ መልኩን በልቤ ይዤ? «ሁለቱን አንድ ላይ ማውጣት አይፈቀድም፤ አንድ በአንድ ነው የምናወጣው» አለኝ የሰዓት ሻጩ። ይዤ የምሮጥ መስዬው ይሆናል፤ በዚህ ጉልበቴ!

ሰዓቶቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ስነዘንዛችሁ የከረምኩባቸው ናቸው። ሴይኮ 5 እና አውቶማቲኩ ቲሶት ፒአርኤክስ፤ ሁለቱም ባትሪ የሌላቸው፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞሉ። ወረቀት ላይ ያለውን በቃሌ እወጣዋለሁ። ሴይኮው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ቢወልቅ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ ቲሶቱ 80። ዓርብ ማታ ባወልቃቸው ሰኞ ጠዋት አንዱ ቆሞ ይጠብቀኛል ማለት ነው። የሁለቱም ልብ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ ስለዚህ «የዚህኛው ሰከንድ ቆጣሪ እንደ ውኃ ይፈስሳል» የሚለኝ ሻጭ ይዋሻል፤ የሁለቱም በሰከንድ ስድስት ጊዜ ይረግጣል። ወረቀቱ የማይነግረኝ እጄ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ብቻ ነው። ቲሶቱ 40 ሚሊሜትር ይባል እንጂ ማሰሪያው ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ ስለተሠራ ሰፍቶ ይታያል፤ 42.5 ከሚባለው ሴይኮ አጠገብ ላየው ፈለግሁ። ወንጀሌ ይኸው ነው።

«ምን ልታዘዝ ጌታዬ?» ብሎ ነበር የተቀበለኝ።

«የዚህኛው መስታወት ሳፋየር ነው?» አልኩት፤ በቀላሉ የማይጫረው ዓይነት ማለቴ ነው።

«ኦሪጅናል ነው።»

«ኦሪጅናል ምን?»

«ኦሪጅናል መስታወት ነዋ!»

«አንዴ ከተሞላ ምን ያህል ይቆያል?»

«ባትሪ የለውም ወንድሜ፤ ዕድሜ ልክ ነው።»

ዕድሜ ልክ! የተለጠፈበትን ላስቲክ አንሥቶ መስታወቱን እንዲያሳየኝ ብለምነው «እሱ ሲከፈል ነው የሚነሣው» አለኝ። ቀጥሎ፣ አጠገቤ የቆሙት ሰዎች እስኪዞሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ልትገዛ ነው ወይስ ልታይ ነው የመጣኸው?» ጌታዬነቴ እዚያው ባንኮኒው ላይ ቀረ።

ይባስ ብሎ ቀኑን ላስተካክል ብሎ ሴይኮውን ያዘ። ቁጥሩ መስኮቱ ውስጥ ግማሽ ለግማሽ ቆሟል፤ የውስጥ ማርሽ ጥርሶቹ ተያይዘው ቀን በመለወጥ ላይ ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀኑን በእጅ መግፋት ጥርስ ይሰብራል፤ የሰዓቱ መመሪያ ራሱ ይከለክላል። «ቆይ!» ከማለቴ በጣቱ ጠምዝዞ አዞረው። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ነገ ያንን ሰዓት የሚገዛው ምስኪን ምን አጠፋ?

በሽታው የሰዓት ሻጭ ብቻ አይደለም። ባለፈው ጫማ ልገዛ ገብቼ የግራ እግሩን ብቻ ሰጥተውኝ የቀኙ ከክፍያ በኋላ ተባልኩ። የሚያነክስ ሰው ነኝ?

«ስልክህ ላይ ሰዓት አለ አይደል?» የምትሉኝም አላችሁ። አለ። በባትሪ የሚሠራው ኳርትዝ ባለ ጥርሱን መካኒካል በትክክለኛነት እንደሚበልጥም አውቃለሁ፤ ሴይኮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1969 የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ ወዲህ የትክክለኛነቱ ክርክር አልቋል። ፋብሪካው ለዚህ ለሴይኮ 5 በቀን እስከ 45 ሰከንድ መቅደምን ይፈቅዳል። ይቅደም! የምወደው ጥርሱን ነው፤ ተዉኝ።

«በኢንተርኔት ሁለቱንም አዝዘህ አንዱን መልስ» ላላችሁኝ ደግሞ፣ የመመለሻውን ደንብ አንብቤዋለሁ። ላስቲኩ ከተነሣ አይመለስም ይላል። ታዲያ ምን ላድርግ፣ እጄን በፖስታ ልላክላቸው?