ሜሪላንድ ቴክሳስ አይደለም
ስለ ሜሪላንድ ላቲኖዎች (ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው) የወጣው ጽሑፍ «የሜሪላንድ ላቲኖዎች በአብዛኛው ሜክሲካውያን ናቸው» ማለቱ ስህተት ነው። ለቴክሳስና ለካሊፎርኒያ ይሠራ ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ትልቁን ቁጥር የያዙት የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው። ያላመነ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ትንሽ ራቅ ብሎ ላንግሊ ፓርክ ድረስ ይሂድ። እኔ እዚያው ሠፈር ስለኖርኩ ፑፑሳ የሚሉት የሳልቫዶሮች ቂጣ ሲጋገር አይቼ አልጠግብም። ሴትየዋ የበቆሎውን ሊጥ አይብና ቦሎቄ ትከትትበትና በሁለት መዳፏ ጨብ ጨብ እያደረገች ታሳሳዋለች። ከጎኑ ኮምጠጥ ያለ ጥቅል ጎመን ይመጣል። (ከእኛ ሚጥሚጣ ጋር ሞክሩት፣ ጉድ ነው።) ከላይ በአስተያየትህ ደግሞ «ሁሉም ትናንት ድንበር ዘለው የመጡ ናቸው» ያልከው ወንድሜ፣ ረጋ በል እንጂ። ብዙ ቤተሰብ የተሰደደው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው የልጅ ልጅ አሳይተዋቸዋል። በ2001 አገራቸውን መሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት ቲፒኤስ (አገራቸው አደጋ ላይ ለሆነ ሰዎች አሜሪካ የምትሰጠው ጊዜያዊ የመኖሪያ ከለላ) ተሰጣቸው። እኛ ኢትዮጵያውያንም በ2022 በአገራችን ጦርነት ምክንያት ያገኘነው ያንኑ ቲፒኤስ ነው፤ ያኔ ማንም «ድንበር ዘላይ» ሲለን ደስ አላለንም።